ተጨማሪ መረጃ፦ በጠረጴዛ ላይ የተመታ ዘፈን

በ1990 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተማሪ የነበረችው ኤሊዛቤት ኒውተን ለዶክትሬት ማሟያ ጥናቷ እንደ ጨዋታ የሚቆጠር ሙከራ ሠራች። ተሳታፊዎቿን ጥንድ ጥንድ አደረገቻቸው። አንዱ በሰፊው ከሚታወቁ ዘፈኖች አንዱን መርጦ ምቱን በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ያንኳኳል፤ ሌላው የትኛው ዘፈን እንደሆነ ይገምታል። የሚያንኳኩት ሰዎች አድማጮቹ ግማሽ ያህሉን እንደሚለዩ ገምተው ነበር። ከ120 ዘፈኖች የታወቁት ግን 3 ብቻ ናቸው!

የሚያንኳኳው ሰው ዜማውም ግጥሙም በውስጡ ይሰማዋል፤ አድማጩ ዘንድ የሚደርሰው ግን ደረቅ ኳኳታ ነው። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ይህን መሰሉን ችግር «የዕውቀት እርግማን» ብለውት ነበር፦ አንድን ነገር አንዴ ካወቅን በኋላ የማያውቀው ሰው እንዴት እንደሚያስብ መገመት ይከብደናል። ሳይንስን ለሕዝብ ለማስረዳት የሚነሳ ተመራማሪም ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። (አንዳንድ መምህራንም ከዚህ አያመልጡም።)

የኒውተን ጥናት ራሱ ወደ ሰፊው አንባቢ የደረሰው ቺፕ እና ዳን ሂዝ የተባሉ ወንድማማቾች በ2007 ባሳተሙት መጽሐፍ ከተረኩት በኋላ ነው።

ሙከራውን በክፍላችሁ ሞክሩት፤ የሚያንኳኳው ተማሪ ግን ግምቱን አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ።