የሾላ ገበያ የዱቤ መዝገብ በኮምፒዩተር

በየካ ክፍለ ከተማ፣ በሾላ ገበያ ለሚሠራ ነጋዴ የዱቤ ሶፍትዌር ሊያዘጋጅ የተነሣ ተማሪ አስቀድሞ «ደንበኛ በምን ይለያል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ከውጭ የተቀዳ ሞዴል «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ በእኛ ዘንድ ግን ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ሁለት «አበበ ከበደ» በስም ብቻ ቢመዘገቡ የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ይጻፋል። ስለዚህ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በየዓምዳቸው ተቀምጠው መለያው የማይደገም ቁጥር ይሁን። ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የሰንጠረዦች ዝምድና ሞዴል ይህ ዓይነቱ መለያ «ዋና ቁልፍ» ይባላል። የዱቤው ሰንጠረዥም ቁጥሩን ብቻ ይይዛል እንጂ ስሙን አይደግምም።

ቀኑስ? ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በዱቤ የተሸጠ ስኳር፣ 12 ወራት ብቻ በሚያውቅ ፕሮግራም ማደሪያ የለውም። ቀኑን በተከታታይ ቁጥር መዝግቦ፣ ለነጋዴው ሲታይ ብቻ ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ይበጃል።