ሴንጢያችን የብረት ይሁን ወይስ የሴራሚክ?

በደጀንና በአካባቢዋ ሴንጢ የማያገባበት ሥራ የለም። የማዳበሪያ ከረጢት ይከፍታል፣ ሲባጎ ይቆርጣል፣ ሸንኮራ ይልጣል። የአባይን ዳገት ጨርሶ ደጀን ላይ የሚቆመው ሾፌርም ለጭነቱ ገመድ ይፈልገዋል። ዛሬ ታዲያ ስለታቸው ነጭ የሆነ የሴራሚክ ቢላዋዎችና ሴንጢዎችም ስለሚሸጡ፣ የትኛው ይሻላል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሴራሚክ ስንል የጀበናውን ሸክላ ማለታችን አይደለም። ዚርኮኒየም ኦክሳይድ የተባለ ዱቄት ታምቆ በከፍተኛ ሙቀት የሚጋገር ነው። የጃፓኑ ኪዮሴራ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 የሴራሚክ ቢላዋ ለገበያ አቀረበ። አልማዝ 10 በሚያገኝበት የጥጥርና መለኪያ ሴራሚኩ 8.5 ገደማ ሲሆን፣ የብረት ቢላዋ ከ7 በታች ነው። ስለዚህ ቶሎ አይዶለዱምም፣ አይዝግምም።

ነገር ግን ብረት ሲጣመም ሴራሚክ ይሰበራል። ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ወይም ቆርቆሮ ሊፈለቅቁበት ቢሞክሩ አለቀለት። ሲዶለዱምም የተለመደው መሳያ ድንጋይ አይበግረውም፤ የአልማዝ መሳያ ይሻል። ቀጥቃጩ ከመኪና ባሌስትራ የሠራውን ካራ ግን ማንም ቤቱ ደጃፍ ላይ ይስለዋል።

ብረት ባልሆነ ስለት ማረድስ ይቻላልን? ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ የከዕብ ኢብኑ ማሊክ በግ ጠባቂ ልትሞት የደረሰችን በግ በድንጋይ ስባሪ አርዳ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንድትበላ ፈቅደዋል። በሌላ ሐዲስ የአላህ ስም ተወስቶበት ደም ያፈሰሰ ነገር ሁሉ ሲፈቀድ ጥርስና ጥፍር ተከልክለዋል፤ ጥፍር የተከለከለውም የሐበሾች ካራ ስለሆነ ነው። አገራችን እዚህም መነሳቷን ልብ ይሏል! በዝዋይ አካባቢ ጋደሞታ ከ250 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት መሣሪያዎች ስለተገኙ፣ የድንጋይ ስለትም ለኛ እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ ሴራሚክ በመሆኑ ብቻ እርዱ ሐራም አይሆንም። ሆኖም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አራጅ ስለቱን እንዲስልና እንስሳውን እንዳያሠቃይ ታዟል። የሴራሚክ ስለት አጥንት ነክቶ ቢሸረፍ እንስሳው ይሠቃያል፣ ስባሪውም ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ለዐረፋ እርድ የብረት ካራ ይያዝ፤ ከዋዜማው ተስሎ፣ በወረቀት ተሞክሮ ይደር። እንስሳው እያየ መሳል አይገባም። ለኪስም ምርጫችን ብረት ነው። ሴራሚኩ ለቲማቲምና ለፍራፍሬ ማድ ቤት ይቀመጥ፣ ሕፃናት ከማይደርሱበት።