ከሥራ የተቀነሰ ሰው ሁለት ኪስ፤ የኢንሹራንሱ ገንዘብና የጆብ ሴንተሩ አበል

በብሪታንያ የምንኖር ብዙዎቻችን ኑሯችንን የምንገፋው በሆቴል፣ በጽዳት፣ በመጋዘን፣ በአረጋውያን እንክብካቤና በአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ከእነዚህ መስኮች አብዛኞቹ ቀድመው ሠራተኛ የሚቀንሱ መሆናቸውን በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በዓይናችን አይተናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ብለው ከሥራ ቢቀነሱ ለተወሰኑ ወራት የሚከፍል ኢንሹራንስ የገቡ ወገኖችም ጥቂት አይደሉም። ታዲያ ቀኑ ሲደርስ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ። «ኢንሹራንሱ እየከፈለኝ ጆብ ሴንተር ሄጄ ብመዘገብ ማጭበርበር አይሆንብኝም ወይ?»

በየምግብ ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ይሰጣል። አንደኛው ወገን «ተው! አትነካካው፣ ይይዙሃል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ማን ያውቅብሃል? ሁለቱንም ዝም ብለህ ተቀበል» ይላል። የመጀመሪያውን የሰማ የራሱን መብት ጥሎ ይቀራል፣ አንዳንዴም ኢንሹራንሱን ጭምር ያጣል። ሁለተኛውን የሰማ ዕዳና ክስ ይጠራል። ሁለቱም ምክሮች የተሳሳቱ ናቸውና ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከየት መጣ?

የብሪታንያ መንግሥት ለሥራ አጥ የመድን ክፍያ የጀመረው በ1911 በወጣው የናሽናል ኢንሹራንስ ሕግ ነው። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንደ ዕድር ነው፤ ሁሉም በየጊዜው ያዋጣል፣ ችግር የደረሰበት ይረዳል። በጥቅምት 1996 «ጆብሲከርስ አላዋንስ» የተባለው አበል የቀድሞውን የሥራ አጥ ክፍያ ሲተካ፣ በመዋጮ የሚገኘው አበል ከ12 ወር ወደ 6 ወር አጠረ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 1995፣ አዲስ የቤት ብድር የወሰዱ ሰዎች ሥራ ቢያጡ የመንግሥትን የወለድ ድጋፍ ለማግኘት 39 ሳምንት እንዲጠብቁ ተወስኖ ነበር። መንግሥት ወደ ኋላ ባፈገፈገበት ቦታ የግል ኢንሹራንስ ገባበት።

ባንኮች ይህን ኢንሹራንስ ከብድርና ከክሬዲት ካርድ ጋር እያጣመሩ በገፍ ሸጡት። በግሉ ለሚሠራ፣ ለጊዜያዊ ሠራተኛ፣ በሕጉ መሠረት ፈጽሞ ሊከፈለው ለማይችል ሰው ሁሉ ሸጡ። ጉዳዩ በ2011 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ባንኮቹ ላይ ከተፈረደ በኋላ፣ ለደንበኞች የተመለሰው ገንዘብ ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ደረሰ። የዚያ የአቤቱታ ቀን ገደብ ነሐሴ 29 ቀን 2019 ተዘግቷል። ትምህርቱ ግን አልተዘጋም፤ ይኸውም የውሉን ሰነድ ሳያነቡ መክፈል የትም እንደማያደርስ ነው።

ሁለት የተለያዩ አበሎች አሉ

የብዙው ሰው ስሕተት የሚጀምረው «ቤኔፊት» የሚባለውን ሁሉ አንድ አድርጎ ከማየት ነው። ሥራ ያጣ ሰው የሚያመለክተው ሁለት የተለያየ ጠባይ ላላቸው ክፍያዎች ነው።

የመጀመሪያው «ኒው ስታይል ጆብሲከርስ አላዋንስ» ነው። ይህ ከደመወዝዎ በየጊዜው ከተቆረጠው የናሽናል ኢንሹራንስ መዋጮ የሚገኝ ነው። በጠቅላላው ባለፉት ሁለት ሙሉ የታክስ ዓመታት ተቀጥረው በቂ መዋጮ የከፈሉ ሊሆኑ ይገባል። ከኤፕሪል 2025 በጀመረው ዓመት ተመኑ ዕድሜያቸው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ በሳምንት 92.05 ፓውንድ ነበር፤ የሚከፈለውም እስከ 6 ወር ነው። ባንክ ያለዎት ገንዘብ፣ የባለቤትዎ ደመወዝ፣ ከሥራ ቅነሳ ኢንሹራንስ የሚመጣልዎት ወርኃዊ ክፍያ አይቀንሱትም። ስለዚህ ይህንን አበልና ኢንሹራንሱን አብሮ መቀበል ማጭበርበር አይደለም። ሁለቱም የከፈሉበት ነው። (በሕመም ምክንያት ለሚሰጠው አበል ሕጉ የተለየ ስለሆነ ከዚህ ጋር እንዳይምታታ።)

ሁለተኛው «ዩኒቨርሳል ክሬዲት» ነው። ይህ በመዋጮ ሳይሆን በችግር መጠን የሚሰጥ ነው። የቤተሰቡ ገቢና ቁጠባ ሁሉ ይቆጠራል። እዚህ ላይ በሥራ መቀነስ ምክንያት የጠፋውን ገቢ ለመተካት የሚከፈል ኢንሹራንስ እንደ ገቢ ይታያል፤ ኢንሹራንሱ 1 ፓውንድ በከፈለ ቁጥር ዩኒቨርሳል ክሬዲቱ በ1 ፓውንድ ይቀነሳል። የጆብሲከርስ አበሉም እንደዚሁ ይቀነሳል። የብድር ዕዳን ለመክፈል ብቻ የተገባ ኢንሹራንስ በአብዛኛው እንደ ገቢ አይቆጠርም። ሆኖም መንግሥት ለሞርጌጅ ወለድ በብድር መልክ የሚሰጠውን ድጋፍ ሊነካ ስለሚችል እሱንም ማሳወቅ ይገባል።

በቁጥር እንየው

አንዲት የ35 ዓመት ብቸኛ እህት በካውንስል ቤት በወር 700 ፓውንድ ኪራይ እየከፈለች ትኖራለች እንበል። ከሥራ ብትቀነስ በወር 900 ፓውንድ የሚከፍል ኢንሹራንስ አላት። በ2025 ተመን የዩኒቨርሳል ክሬዲት መደበኛ አበሏ 400.14 ፓውንድ ነው፤ ከኪራዩ ጋር 1,100.14 ይሆናል። የጆብሲከርስ አበሏ በወር ሲሰላ 398.88 ፓውንድ ገደማ ነው።

ኢንሹራንሱ ገና መክፈል ባልጀመረበት ጊዜ 398.88 ከጆብሲከርስ፣ 701.26 ከዩኒቨርሳል ክሬዲት ታገኛለች። ድምሩ 1,100.14 ነው። ኢንሹራንሱ 900 መክፈል ሲጀምር ከጆብሲከርሱ ጋር 1,298.88 ይሆናል፤ ዩኒቨርሳል ክሬዲቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። እንግዲህ የ900 ፓውንዱ ኢንሹራንስ በእጇ ላይ የጨመረላት ከ200 ፓውንድ ያነሰ ነው ማለት ነው። ስድስቱ ወር አልፎ ጆብሲከርሱ ሲያበቃ ደግሞ 900 ከኢንሹራንሱ፣ 200.14 ከዩኒቨርሳል ክሬዲቱ ታገኛለች። ድምሩ ያው 1,100.14 ነው! ኢንሹራንስ ባይኖራትም የምታገኘው ይኸንኑ ነበር።

ይህች እህት ኢንሹራንሱን ሳታሳውቅ ሙሉውን ዩኒቨርሳል ክሬዲት ለአራት ወር ብትቀበል ደግሞ 2,805.04 ፓውንድ ዕዳ ይጠብቃታል። ሆን ብላ የደበቀች ከሆነ ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል።

በሌላ በኩል ባለቤቱ በደህና ደመወዝ የምትሠራ፣ ወይም ከ16,000 ፓውንድ በላይ ቁጠባ ያለው ወገን ዩኒቨርሳል ክሬዲት ስለማያገኝ፣ ከኢንሹራንሱ የሚመጣው 900 ፓውንድ ሙሉ በሙሉ ይጠቅመዋል። ሞርጌጅ ያለበትንም ኢንሹራንሱ ከተከራዩ የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል። ስለዚህ ኢንሹራንስ ከመግባትዎ በፊት «ለእኔ ቤተሰብ ስንት ይጨምርልኛል?» ብለው ያስሉ። ለአንዱ ጎጆ ማትረፊያ የሆነው ለሌላው በየወሩ የሚፈስ ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። አብዛኞቹ የሥራ ቅነሳ ኢንሹራንሶች ገንዘብ የሚከፍሉት ሰውየው ሥራ ፈላጊ ሆኖ መመዝገቡንና ሥራ መፈለጉን በማስረጃ ሲያሳይ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን ኢንሹራንስ አለኝ፣ ጆብ ሴንተር ደጅ አልጠናም» ብሎ በኩራት ቤቱ የተቀመጠ ሰው ከሁለት ወር በኋላ የማመልከቻ ቅጹ ላይ የምዝገባ ማስረጃ ሲጠየቅ ባዶ እጁን ይቀራል። ሳይን ማድረግ ውርደት አይደለም። በተጨማሪም ተመዝግበው በሚቆዩበት ጊዜ የናሽናል ኢንሹራንስ መዋጮ ይመዘገብልዎታል፤ ይህም ለጡረታዎ ይቆጠራል።

በውሉ ሰነድ ውስጥ እነዚህን ይፈልጉ፦

- ፖሊሲው ከተገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለት እስከ አራት ወራት ገደማ የመጣ የሥራ ቅነሳ ብዙውን ጊዜ አይሸፈንም። ቅነሳ እንደሚመጣ እያወቁ ቢገቡም አይከፈልዎትም።
- ከሥራ ከወጡ በኋላ 30 ወይም 60 ቀን የመጠበቂያ ጊዜ ሊኖር ይችላል።
- ክፍያው በአብዛኛው ከ12 ወይም ከ24 ወር አያልፍም።
- በገዛ ፈቃድ መልቀቅና በጥፋት መባረር አይሸፈኑም። በጊዜያዊ ውል ለሚሠራና በግሉ ለሚሠራ የተለየ ገደብ አለ።

ኢንሹራንሱ ያለ አግባብ ከከለከለዎት በጽሑፍ አቤት ይበሉ። ኩባንያው በ8 ሳምንት ውስጥ መልስ ካልሰጠ ወይም መልሱ ካላረካዎት ጉዳዩን ወደ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን መውሰድ ይችላሉ። የመጨረሻ መልስ ከተሰጠዎት 6 ወር ሳያልፍ ያቅርቡ። አገልግሎቱ በነፃ ነው።

ወገኖቻችን የሚሰናከሉባቸው ቦታዎች

አንደኛ፣ አለቃ «ራስህ ለቀቅሁ ብለህ ፈርም» ሲል መፈረም። ያቺ ፊርማ ኢንሹራንሱን ታስቀራለች፤ የጆብ ሴንተሩንም አበል ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 3 ወር ልታሳግድ ትችላለች። «ከሥራ የተቀነሰ» የሚል ደብዳቤ ሳይዙ አይውጡ። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሠራ በሕግ የተወሰነ የስንብት ካሳ አለው። ድርጅቱ ከስሮ መክፈል ካልቻለ ከመንግሥት የመድን ፈንድ መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ የስንብት ካሳው። ይህ ገንዘብ የጆብሲከርስ አበልን አያስቀርም። በዩኒቨርሳል ክሬዲት ግን እንደ ቁጠባ ይታያል። ከ6,000 ፓውንድ በላይ ባለው እያንዳንዱ 250 ፓውንድ በወር 4.35 ይቀነሳል። 10,000 ያለው ሰው በወር 69.60 ያጣል ማለት ነው። የደረሰዎት የዕቁብ ገንዘብም ባንክ ውስጥ ከተቀመጠ ያው ቁጠባ ነው።

ሦስተኛ፣ በግል የሚሠሩ የሚኒካብ ሾፌሮቻችን። በግል ሠራተኛነት የሚከፈለው መዋጮ የጆብሲከርስ አበል አያስገኝም። የሚቀርላቸው ዩኒቨርሳል ክሬዲት ነው።

አራተኛ፣ ወደ አገር ቤት መሄድ። ጆብሲከርስ የሚቀበል ሰው ከአገር ሲወጣ በጠቅላላው አበሉ ይቋረጣል። በዩኒቨርሳል ክሬዲት እስከ አንድ ወር ይፈቀዳል፤ መርዶ ደርሶ የቅርብ ዘመድ ሞት ከሆነ አንድ ወር ሊጨመር ይችላል። በሁለቱም ሳያሳውቁ አይሂዱ። ኢንሹራንሱንም አስቀድመው ይጠይቁ።

አምስተኛ፣ የመኖሪያ ፈቃድ። ፓስፖርታቸው ላይ የመንግሥት ድጎማ ክልከላ ያለባቸው ወገኖች ዩኒቨርሳል ክሬዲት ሊጠይቁ አይገባም። በመዋጮ የሚገኘው ጆብሲከርስ ግን ከክልከላው ውስጥ አይቆጠርም። ቪዛው ከአሠሪው ጋር የተያያዘ ሰው ግን አስቀድሞ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ያነጋግር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የቅነሳው ደብዳቤ እጅዎ በገባበት ሳምንት ለኢንሹራንሱ ይደውሉ። ሥራ ባበቃ ማግስት ለጆብሲከርስም ለዩኒቨርሳል ክሬዲትም ያመልክቱ፤ የዩኒቨርሳል ክሬዲት የመጀመሪያ ክፍያ አምስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ኢንሹራንሱ መክፈል የጀመረበትን ቀንና መጠን በዚያው ወር በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ቅጂውን ያስቀምጡ። የሥራ ፍለጋ ማስረጃዎትን በአንድ ፋይል ይያዙ፤ አንዱ ፋይል ለጆብ ሴንተሩም ለኢንሹራንሱም ያገለግላል። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ እንዲቀርብልዎት ይጠይቁ። ውሳኔው ትክክል ካልመሰለዎት በአንድ ወር ውስጥ እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይችላሉ፤ ሲቲዝንስ አድቫይስ በዚህ በነፃ ይረዳል።

ተመኑ በየኤፕሪሉ ስለሚለወጥ ቁጥሩን በዓመቱ ያረጋግጡ። መሠረቱ ግን አንድ ነው። በመዋጮ ያገኙትን አበል ከኢንሹራንሱ ጋር አብረው ይቀበሉ፣ መብትዎ ነው። በችግር መጠን የሚሰጠውን ሲጠይቁ ግን ያለዎትን ሁሉ ይናገሩ። በዚህ አገር ለዓመታት ሌሊትና ቀን ሠርተን፣ ከደመወዛችን ተቆርጦ፣ በክፉ ቀን በፍርሃት ወይም በይሉኝታ ባዶ እጃችንን መቅረት የለብንም። ይህን ጋዜጣ አንብበው ሲጨርሱ ጠረጴዛው ላይ አይተዉት፤ ሥራው ላይ ሥጋት ላንዣበበበት ጓደኛዎ ያድርሱለት።