የሱሉልታ ሜዳና የሚመጣው ከተማ

ሣሩ ታጭዶ ባለቀበት ሰሞን፣ እሁድ ማለዳ፣ በጎጃም መንገድ የእንጦጦን ተራራ ተሻግረን ሱሉልታ ወረድን። ከተራራው ወዲህ ያለው ውኃ በአቃቂ በኩል አዋሽ ሲገባ፣ ከወዲያ ያለው ግን ወደ ሙገር ወርዶ ዓባይን ይቀላቀላል። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ውኃው ሲጐድል ሣሩ ይታጨዳል፣ ድርቆሹ ይከመራል፣ ላሞቹም በጋውን የሚያልፉት በዚሁ ነው። አዲስ አበባም ከዚህ የሚታለበውን ወተት ስትጠጣ ኖራለች።

ከዋናው መንገድ ገባ ብለን አንዲት ትንሽ መንደር ደረስን። በአንድ በኩል የድርቆሽ ክምር፣ በሌላው በኩል በብሎኬት የታጠረ ባዶ ቦታ ይታያል። ክምሩን በመንሽ የሚያስተካክሉ አንድ አዛውንት አገኘንና፣ «አባባ፣ ከተማው ሲደርስ ምን ያስባሉ?» አልናቸው። ከተማን እንደማይጠሉ፣ መብራቱንና ሐኪም ቤቱን እንደሚወዱ፣ ላማቸው ግን ፎቅ መውጣት እንደማትችል እየሣቁ ነገሩን። እኛም አብረን ሣቅን፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም።

ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሌሎችም ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃላለች። ስለዚህ «ከተማው ይመጣል ወይ?» ማለት ጊዜው ያለፈበት ጥያቄ ነው። መጠየቅ ያለበት አመጣጡ ነው። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ ገበሬው መሬቱን ያርሳል እንጂ አይሸጥም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ይዞታውን ለዘለቄታው ለሚለቅና ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ፣ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ የዓመት ገቢ 15 እጥፍ እንዲከፈለው ደነገገ።

ዐሥራ አምስት ዓመት ለአዛውንቱ ይበቃ ይሆናል። አጠገባቸው ጥጃ የሚያግደው የልጅ ልጃቸው ግን ያን ጊዜ ገና ትዳር የሚይዝበት ዕድሜ ላይ ነው። ገንዘብ እንደ ድርቆሽ ክምር ነው፤ በየቀኑ ሲመዘዝ ያልቃል። ሜዳው ግን በየዓመቱ ይበቅላል።

እንግዲህ ፕላን የሚያወጡት ሰዎች ሁለት ነገር ቢያስቡ መልካም ይመስለናል። አንደኛ፣ ውኃ የሚተኛበትን ሜዳ ቤት ቢሠሩበት ውኃው መኝታውን ፍለጋ ሳሎን መግባቱ አይቀርምና ለሣርና ለላም ይተዉት። ሁለተኛ፣ ከካሣው ጋር ልጁ የሚያድርበትን ሙያ ያስተምሩት።

ማታ ስንመለስ ያ ልጅ ከብቶቹን አስፋልት ሲያሻግር መኪናችንን አቁመን ጠበቅነው። ከተማውም ይህን ያህል ቢታገሠው ምን ይጐዳዋል?