የንቦች ሽብሸባ

በልጅነቴ በጎጇችን ጓሮ ማር በሌሊት ሲቈረጥ ጢስ ያዥ ሆኜ ስቆም፣ በዚያ ጽልመት በሞላው ቀፎ ውስጥ ከመንደፍ ሌላ ቋንቋ ይኖራል ብዬ ከቶ አላሰብሁም ነበር። ሊቃውንቱ «ጭፈራ» ይሉታል፤ እኔ ግን ልክና ሥርዓት ያለው ስለ ሆነ እንደ ማሕሌታችን «ሽብሸባ» ብለው እወዳለሁ።

ቀሳሚዪቱ ንብ ከሩቅ አበባ ስትመለስ፣ ቁልቁል በተንጠለጠለው የማር እንጀራ ላይ ሆዷን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች በቀጥታ ትሄዳለች፤ ከዚያም አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ ዞራ ያንኑ ትደግማለች። አካሄዷ ሽቅብ ከሆነ «ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ብረሩ» ማለት ነው፤ ከሽቅቡ 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ ካዘነበለች፣ ፍኖቱ ከፀሐይ 40 ዲግሪ በስተቀኝ ነው። ርቀቱ በውዝዋዜው ቆይታ ይለካል፤ አንድ ሰከንድ በግምት አንድ ኪሎ ሜትር ነው። እኅቶቿም በጨለማው ስለማያዩአት፣ በአንቴናቸው እየዳሰሱ ይከተሏታል።

ይህን ምስጢር የገለጡት ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ ናቸው፤ ነገር ግን ይበልጥ የማደንቃቸው ስለ ስሕተታቸው ነው። በ1920ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ንቦች ሳይወዛወዙ በክብ ብቻ የሚዞሩበት ሌላው ሽብሸባ የቀሰም፣ ውዝዋዜው ደግሞ የአበባ ብናኝ ምልክት ነው ብለው ጻፉ፤ በቀሰም ፋንታ የስኳር ውኃ ከቀፎው አጠገብ ያኖሩት እርሳቸው ሲሆኑ፣ ብናኝ ያመጡት ንቦች ግን ከሩቅ የመጡ መሆናቸውን ልብ አላሉምና። የናዚ መንግሥት ስለ አያታቸው አይሁዳዊ ዘር ከመምህርነታቸው ሊያሰናብታቸው ሲል፣ ንብ ይፈጅ የነበረውን የኖሴማ ወረርሽኝ እንዲመረምሩ ስንብቱ ተላለፈላቸው፤ ንቦቹ ጌታቸውን አዳኑ ማለት ይቻላል። በ1944 የስኳሩን ውኃ እጅግ አርቀው ባስቀመጡ ጊዜም፣ ብናኝ ያልያዙት ንቦች ሁሉ ሲወዛወዙ አይተው፣ ሃያ ዓመት የቆመ ቃላቸውን በገዛ እጃቸው አፈረሱ፤ ልዩነቱ የምግቡ ዓይነት ሳይሆን ርቀቱ ነበር። በ1973 የኖቤል ሽልማት ከኮንራድ ሎሬንዝና ከኒኮ ቲንበርገን ጋር ሲቀበሉ ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ነው፤ አንዳንዲቱ ንብ ወደ ውጭ ሳትወጣ ለሰዓታት ስታሸበሽብ፣ የማታያት ፀሐይ በሰማይ በምትጓዘው መጠን፣ እርሷም በጨለማው ውስጥ የአካሄዷን ማዕዘን ጥቂት በጥቂት ትለውጣለች።