ከገበያ የጠፋ ካሴት፦ የቅጂ ሽያጭና የሥራ አመንጪው ስም

በውጭው ዓለም የድሮ ቪዲዮ ጌም ሰብሳቢዎች ያልተቋጨ ክርክር አላቸው፦ አምራቹ ማምረቱን ያቆመውንና ዋጋው የናረውን ካርትሪጅ አስመስሎ ሠርቶ መሸጥ ነውር ነው ወይስ አገልግሎት? የሻጮቹ መከላከያ «አምራቹ ራሱ ስለማይሸጠው የሚጎዳ የለም» የሚል ነው። ለደሴና ለኮምቦልቻ ይህ መከላከያ እንግዳ አይደለም። በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤቶች የደንበኛን ምርጫ በባዶ ካሴት ሲቀዱ፣ ዛሬ ደግሞ ሱቆች በፍላሽና በሚሞሪ ሲጭኑ የሚሰጡት ምክንያት «ኦሪጅናሉ ከገበያ ጠፍቷል» የሚል ነው።

ምክንያቱ ግማሽ እውነት አለው፤ አሳታሚው ከተዘጋና ማስተር ቴፑ ከጠፋ፣ ቅጂው ባይኖር ዘፈኑም አይኖርም ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ይህን ለነጋዴ አይቀበልም። ግለሰብ ለግል መገልገያው አንድ ቅጂ ማባዛቱን አይከለክልም፤ ለትርፍ ያልቆሙ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብትም የጠፋን ወይም የተበላሸን ቅጂ መተካት ይችላሉ። የሥራ አመንጪው ኢኮኖሚያዊ መብት ግን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ከገንዘብም ያልፋል። በካርትሪጁ ገበያ ዋናው በደል ገዢውን ማታለል ነው። በእስክሪብቶ የተጻፈበትን ካሴት የሚገዛ የደሴ ሰው ግን አይታለልም፤ ቅጂ መሆኑን ያውቃል። የሚጎድለው ሌላ ነው። በኦሪጅናሉ ሽፋን የሰፈረው የገጣሚ፣ የዜማ ደራሲና የአቀናባሪ ስም በቅጂው ላይ «የወሎ ምርጥ» ወይም «ትራክ 07» ሆኖ ይቀራል። ድምፃዊው በድምፁ ይታወቃል፤ ግጥሙን የጻፈው በምን ይታወቅ? አምባሰልና ባቲ ቅኝቶች ናቸውና ማንም የግሌ ሊላቸው አይችልም፤ በእነርሱ የተሠራ አንድ ግጥምና ዜማ ግን ሠሪ አለው። ስሙ ሲፋቅ ሥራው «የሕዝብ» ይባልና የባለመብቱ ማስረጃ አብሮ ይጠፋል።

ስምን ጠብቆ ማባዛት እንደሚቻል ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጃቸው የ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች አሳይተዋል። አምሃ ሪከርድስና ካይፋ ሪከርድስ ያሳተሟቸውን ሸክላዎች ከሙዚቀኞቹ ማንነት ማብራሪያ ጋር መልሰው አቅርበዋል። (አምሃ እሸቴ ራሱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሸክላ ማሳተም የጀመረው ለሀገር ፍቅር የተሰጠውን ብቸኛ መብት ተጋፍቶ መሆኑ ነገሩን ያወሳስበዋል።) በቧንቧ ውሃ የሚገኝ ትንሽ ሱቅ የፓሪስ አሳታሚ አቅም አይኖረው ይሆናል። የካሴቱን ሽፋን በስልክ ፎቶ አንስቶ ከዘፈኑ ጋር መጫን ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈልጋል። ይህ ፈቃድ አያስገኝለትም፤ ባለመብቱ ወይም ወራሹ ሲመጣ ግን የማን ሥራ እንደተሸጠ ይታወቃል።