የአጥቢያ ልጆች ዋንጫ
የአልስተር የክለቦች ሻምፒዮና ምንድን ነው?

የኳስ ወሬ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናውቀው የገንዘቡን ኳስ ነው። እከሌ በዚህን ያህል ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ፣ እከሌ ደሞዙ አነሰኝ ብሎ አኮረፈ እንባባላለን። ታዲያ ተጫዋች የማይሸጥበት፣ የማይገዛበት፣ ደሞዝ የሚባል ነገርም የሌለበት፣ ሕዝቡ ግን በዝናብና በብርድ ቆሞ የሚያየው ትልቅ ውድድር አለ ብትባሉ ምን ትላላችሁ? አለ፤ አገሩ አየርላንድ ነው፣ ጨዋታውም የጌሊክ እግር ኳስ ይባላል። በዚህች አጭር ጽሁፍ በደሴቲቱ ሰሜናዊ ክፍል፣ በአልስተር፣ በየዓመቱ የሚደረገው የክለቦች ሻምፒዮና እንዴት እንደሚካሄድና ለአካባቢው ሰው ለምን ከጨዋታ በላይ እንደሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው ምን ይመስላል?

ሜዳው እኛ ከምናውቀው የእግር ኳስ ሜዳ ይሰፋል። በእያንዳንዱ ቡድን 15 ተጫዋች ይሰለፋል። ኳሷን በእጅ መያዝ ይፈቀዳል፤ ይዞ መሄድ የሚቻለው ግን አራት እርምጃ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ወይ መሬት ላይ አንጥሮ መያዝ፣ ወይ በእግሩ ጫፍ ነካ አድርጎ ወደ እጁ መመለስ፣ ወይ ለጓደኛው ማቀበል አለበት። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ማንጠር ክልክል ነው። በእጅ ማቀበልም ቢሆን መወርወር አይደለም፤ ኳሷ በቡጢ ወይም በመዳፍ መመታት አለባት።

የጎሉ ሁለት ቋሚዎች ከአግዳሚው አልፈው ወደ ላይ ይቀጥላሉ። መረብ ውስጥ የገባች ኳስ “ጎል” ትባላለች፣ ሦስት ነጥብ ታስገኛለች። ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መሃል ያለፈች ደግሞ አንድ ነጥብ ነች። ከ2025 ወዲህ በመጣው ደንብ ከጎሉ 40 ሜትር ርቆ ከተሰመረው ቅስት ውጪ ተመትታ ከላይ ያለፈች ኳስ ሁለት ነጥብ ታሰጣለች። ውጤት ሲጻፍ ጎልና ነጥብ ተለያይተው ነው። ለምሳሌ 2-8 ማለት ሁለት ጎልና ስምንት ነጥብ፣ በድምሩ 14 ማለት ነው። ይህችን ስሌት ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ላይ ታስፈልገናለች።

ከአጥቢያ እስከ ክሮክ ፓርክ

ጨዋታውን የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማህበር ነው። ማህበሩ የተመሠረተው ህዳር 1 ቀን 1884 ተርልስ በምትባል ከተማ በአንድ ሆቴል ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ሲሆን፣ ዋነኞቹ ጠንሳሾች አስተማሪው ማይክል ኩሳክና ስፖርተኛው ሞሪስ ዳቪን ነበሩ። የዚያን ጊዜ አየርላንድ በሙሉ በእንግሊዝ ሥር ስለነበረች፣ የአገሩን ጨዋታ ማቋቋም ማንነትን እንደማቋቋም ይታይ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። የክለብ መሠረቱ አጥቢያ ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ አንድ ክለብ ይኖረዋል፤ እዚያ የተወለደ ልጅ በሰባትና በስምንት ዓመቱ የክለቡን ማሊያ ይለብስና አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው አያወልቀውም። መኖሪያውን ካልቀየረ በቀር ክለብ መቀየር እጅግ አስቸጋሪ ነው። ክፍያም የለም። እሁድ ሜዳ ላይ ሲያጨበጭቡለት የዋሉት ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቶ ያስተምራል፣ ወይም ሲሚንቶ ያቦካል፣ ወይም እንደኛ ትምህርቱን ይማራል።

ደሴቲቱ በ32 አውራጃዎችና በአራት ክፍለ ሀገሮች ትከፈላለች። በየአውራጃው ያሉ ክለቦች መጀመሪያ እርስ በርስ ይጋጠማሉ። የአውራጃ ሻምፒዮኖቹ ወደ ክፍለ ሀገር ውድድር ያልፋሉ። የአራቱ ክፍለ ሀገሮች አሸናፊዎች ደግሞ በመላ አየርላንድ ግማሽ ፍጻሜ ይገናኛሉ። የመጨረሻው ጨዋታ የሚደረገው ደብሊን ውስጥ ከ82 ሺህ በላይ ሰው በሚይዘው ክሮክ ፓርክ ነው።

የአልስተር የክለቦች ሻምፒዮና የተጀመረው በ1968 ነው። ዋንጫው በቀድሞው የማህበሩ ፕሬዚዳንት በሼመስ ማክፈራን ስም ይጠራል። ተወዳዳሪዎቹ ዘጠኝ የአውራጃ ሻምፒዮኖች ብቻ ስለሆኑ በአንድ የማጣሪያ ግጥሚያ ተጀምሮ እስከ ፍጻሜ ድረስ ስምንት ጨዋታ ነው። የመልስ ጨዋታ የለም፣ የምድብ ድልድል የለም፤ የተሸነፈ ወደ ቤቱ። ያውም ወቅቱ የመኸሩ መጨረሻና የክረምቱ መግቢያ ስለሆነ ጭቃው፣ ነፋሱና የሰዓቱ ቶሎ መምሸት ራሳቸውን የቻሉ ተጋጣሚዎች ናቸው።

ድንበር የማይቆርጠው ክፍለ ሀገር

በ1921 አየርላንድ ለሁለት ተከፈለች። ከአልስተር ዘጠኝ አውራጃዎች ስድስቱ ከእንግሊዝ ጋር ቀሩ፤ ሦስቱ፣ ማለትም ዶኔጋል፣ ካቫንና ሞናሃን፣ ዛሬ የአየርላንድ ሪፐብሊክ በሚባለው ውስጥ ገቡ። ማህበሩ ግን ከክፍፍሉ በፊት የተወለደ ስለሆነ ያንን መስመር አልተቀበለውም። በመሆኑም ዛሬም በሁለት መንግሥት ሥር ያሉ፣ በሁለት ዓይነት ገንዘብ የሚገበያዩ መንደሮች ለአንድ ዋንጫ ይጫወታሉ።

ለዚህ ከክሮስማግሌን የተሻለ ምሳሌ የለም። ክሮስማግሌን በአርማ አውራጃ ደቡብ፣ ድንበሩ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ነች። በ1970ዎቹ፣ ግጭቱ በተፋፋመበት ጊዜ፣ የእንግሊዝ ጦር ከክለቡ ሜዳ ጎን ሰፈረና የክለቡን መሬት በከፊል ያዘ። ልጆቹ የሚጫወቱት የጥበቃ ማማ ቁልቁል እያያቸው፣ ሄሊኮፕተር በአናታቸው ላይ እየተነሳና እያረፈ ነበር። እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ያደጉ ልጆች ናቸው ከ1996 እስከ 2008 የአርማን ሻምፒዮና 13 ጊዜ በተከታታይ የወሰዱት። ከ1996 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ክለቡ የአልስተርን ዋንጫ 11 ጊዜ፣ የመላ አየርላንድን ደግሞ ስድስት ጊዜ አንስቷል። ከ1998ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ መሬቱ ለክለቡ ተመለሰ፤ በ2007 ካምፑም ተዘጋ።

ይህ ሲባል ግን ጨዋታው ሁሉንም አስታርቋል ማለት አይደለም። በሰሜን አየርላንድ የጌሊክ ጨዋታ በአብዛኛው የካቶሊኩ ማህበረሰብ ሆኖ ቆይቷል። የእንግሊዝ የጸጥታ ኃይል አባላት ወደ ማህበሩ እንዳይገቡ የሚከለክለው ደንብ የተሻረው በ2001 ነው።

መንደር ከዋና ከተማ ሲገጥም

ኪልኩ በዳውን አውራጃ ከሞርን ተራሮች ግርጌ ያለች መንደር ነች። የቡድኑን ስም ዝርዝር ያየ ሰው ብራናጋንና ጆንስተን የሚሉ የቤተሰብ ስሞች ሲደጋገሙ ያገኛል፤ ወንድማማቾች ናቸዋ! ኪልኩ የአልስተርን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳው በ2019 ነው። በዚያው የውድድር ዘመን ጥር 2020 ላይ በመላ አየርላንድ ፍጻሜ በተጨማሪ ሰዓት በኮሮፊን ተሸነፈ። ቀጣዩ ውድድር በኮሮና ምክንያት ሳይካሄድ ቀረ። በ2021 አልስተርን እንደገና አሸንፎ የካቲት 2022 ላይ ለፍጻሜ ክሮክ ፓርክ ተመለሰ። ተጋጣሚው በሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት የደብሊኑ ኪልማከድ ክሮክስ ነበር።

ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ። ሊያበቃ የቀሩት ጥቂት ሰከንዶች ነበሩ፤ ደብሊኖች እየመሩ ነው። ያኔ ጀሮም ጆንስተን ኳሷን መረብ ውስጥ አሳረፋት። ውጤቱ 2-8 ለ 0-13 ሆነ። ስሌታችንን እናስታውስ፤ 14 ለ 13። መንደሯ ዋና ከተማዋን በአንድ ነጥብ ረታች።

የግሌን ታሪክም ከዚህ አያንስም። ግሌን በዴሪ አውራጃ የማሄራ ከተማ ክለብ ነው። ጎረቤቱ ስሎክኒል በ2016 በአንድ ዓመት ውስጥ የአልስተርን የእግር ኳስ፣ እንደ ገና ጨዋታ በዱላ የሚካሄደውን የሀርሊንግና የሴቶቹን የካሞጊ ዋንጫ ጠራርጎ ሲወስድ፣ ግሌን የአውራጃውን ዋንጫ እንኳ አንድም ጊዜ አላነሳም ነበር። በ2021 ያንኑ ስሎክኒልን አሸንፎ የመጀመሪያውን ወሰደ። በ2022 አልስተርን ያዘ። ጥር 2023 በመላ አየርላንድ ፍጻሜ በኪልማከድ ተሸነፈ፤ ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ቅጽበቶች ኪልማከድ ከሚፈቀደው በላይ ተጫዋች ሜዳ ላይ እንደነበሩት ታወቀ። ጨዋታው እንዲደገም ተወሰነ፣ ኪልማከድ ይግባኝ አለ፣ በመጨረሻ ግሌን ራሱ ክሱን ትቶ ወጣ። በዓመቱ ተመልሶ መጣና በግማሽ ፍጻሜው ኪልማከድን፣ በፍጻሜው ሴንት ብሪጅድስን አሸንፎ ጥር 2024 ላይ ዋንጫውን በእጁ አስገባ። በጠረጴዛ ያልጨረሰውን በሜዳ ጨረሰው።

ደንቡ የሚያስከፍለው

ሁሉም ነገር ንጹህ ነው ለማለት አይደለም። ተጫዋቾች ባይከፈላቸውም አንዳንድ አሰልጣኞች ግን በጓሮ በር ይከፈላቸዋል የሚለው ክርክር ለብዙ ዓመታት ሲነሳ ኖሯል። ከዚህ የባሰው ስጋት ግን ሌላ ነው። የአየርላንድ ወጣት ለሥራና ለትምህርት ወደ ደብሊን፣ ወደ ለንደን፣ ወደ አውስትራሊያ ይፈልሳል። ሌላ ክለብ ቢሆን የሄደውን ተጫዋች በገንዘብ ይተካል። የአጥቢያ ክለብ ግን መተኪያ የለውም። አሥራ አምስት ልጅ ሲያጣ ወይ በታዳጊ ደረጃ ከትናንት ባላንጣው ጋር ይዋሃዳል፣ ወይ ይዘጋል። ሕዝብ እየጎረፈላቸው ያሉት የከተማ ክለቦች ደግሞ በአንጻሩ ልጆቹን የሚያሰልፉበት ቦታ ይጠባቸዋል።

እንግዲህ ያው ደንብ ነው በሁለት በኩል የሚቆርጠው። ኪልኩን ለኪልኩዎች ብቻ ያደረገው፣ ዋንጫውንም ያን ያህል ጣፋጭ ያደረገው “ከሌላ ቦታ ሰው አናመጣም” የሚለው ሕግ ነው። መንደሯን ነገ ባዶ ሜዳ ይዛ ሊያስቀራት የሚችለውም እሱው ነው። በኔ አስተያየት የአልስተርን ሻምፒዮና ማየት የሚገባን በዚህ ዓይን ነው፤ ዋንጫው ላይ የሚጻፈው የክለብ ስም ቢሆንም፣ ከጀርባው ያለው አንድ አጥቢያ በዚያ ዓመት ልጆቹን ሰብስቦ ማሰለፍ መቻሉ ነው። ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ትምህርት አለው። የስፖርት ዜና ስንጽፍ “ማን አሸነፈ?” ከሚለው ቀጥሎ “እነማን ናቸው፣ ከየትስ መጡ?” ብለን መጠየቅ ብንለምድ ብዙ ያልተጻፈ ታሪክ እናገኛለን።

ቸር ይግጠመን!